ፍላሹ ቢሆንስ?

ዲበኩሉ ኮምፒውተርን ከማንም አልተማረውም። ይህን ሲናገር አይሰለቸውም ነበር። ጎሬ ተወልዶ ያደገ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ሲያንሰው፣ የአባቱን ወዳጅ የጽሕፈት መኪና ተከራይቶ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የፍርድ ቤቱ ሥራ ወደ ኦሮምኛ ዞረ። አብረውት ከተቀመጡት ጸሐፊዎች አብዛኞቹ መኪናቸውን ሸክፈው ሄዱ። እሱ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ነበር የያዘው፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ በሦስት ወር አጥንቶ እዚያው በሩ ላይ ቀጠለ። ኮምፒውተር ወደ አገሩ ሲገባም እንደዚያው ሆነ። አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ፈታ፣ ገጠመ፣ አቃጠለ፣ እንደገና ፈታ። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም መቱ መናኸሪያ አጠገብ የጥገና ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ከኡካ እስከ ያዮ ያለ ጽሕፈት ቤት ሁሉ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል እሱን መጥራት ለመደ።

ሰው ክፉ አይለውም። የተማሪ ወረቀት በነጻ የሚያትምበት ጊዜ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ የሠራበትን ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። በትምህርት ቤት ስለ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ሱቁ ገብቶ አስተያየት ሲሰጥ ፊቱ ይለወጣል። ሚስቱ መንበረ ይህን አውቃው ኖሮ፣ «አንተ ብቻ እንድታውቅ የተጻፈ ነገር አለ?» ብላው ታውቃለች። ያኔ ስቆ አለፋት።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም መጨረሻ፣ ከያዮ ጫካ አፋፍ አንድ አባትና ሴት ልጁ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። አባትየው ኦቦ ጎንፋ ይባላሉ፤ የጫካ ቡናና ማር የሚያወርዱ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኡርጂ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኮምፒውተር ትምህርት አንድ ዓመት ጨርሳለች። ላፕቶፑን አባቷ ማር ሸጠው ነው የገዙላት። በፎጣ ጠቅልላ፣ ፎጣውን በፌስታል ከታ፣ ከያዮ እስከ መቱ ያንን ሁሉ መንገድ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር የመጣችው።

ችግሩን ራሷ አስረዳችው። ዊንዶውሱ ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ሄደ፤ ባትሪውም አልቆ ስለነበር ማሽኑ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አይመጣም። በሳምንቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመላሽ ናት።

ዲበኩሉ ቀላል ነገር መሰለው። ዊንዶውስ የጫነበትን ፍላሽ ከመሳቢያው አወጣ። ያቺ ፍላሽ ቀይ ክር የታሰረባት፣ ዓመት ሙሉ አብራው የሠራች ናት። ሰካት፤ ማሽኑን አጥፍቶ ከፈተና ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን የቡት ዝርዝር አወጣ። ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነቅሎ በሌላኛው ጎን ሰካት፤ የለም። ወደ ማሽኑ ቅንብር ገብቶ ቅድሚያውን ለፍላሽ ሰጠ፤ ያችው ነጭ ሰረዝ። ጀርባውን ፈትቶ ራሙን፣ የማስታወሻ ካርዱን፣ አወጣና እግሮቹን በላጲስ አሽቶ መለሰው። ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ነቅሎ ትንሽ አቆየና መልሶ ከተታት። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ያለ እሱ ሞከረ። ማሽኑ ይበራል፣ አርማውን ያሳያል፣ ፍላሹን ግን አላየሁም ይላል።

ሰዓት ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ይጠብቃሉ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ገብቶ የሚያይበት አልነበረም። ዲበኩሉ እንደዚያ ቀን ሰው ፊት ተይዞ አያውቅም።

ኡርጂ ከጎኑ ቆማ እያንዳንዱን ነገር ስትከታተል ቆይታለች። ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት እያሰበች ተናገረች።

«ጋሼ፣ ፍላሹ ቢሆንስ? ፍላሽ ለድሮ ማሽን ተብሎ ከተዘጋጀ አዲሶቹ አያዩትም ብለው አስተምረውን ነበር። እንደገና ቢያዘጋጁት...»

ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ይሰማት ነበር። በኋላ ራሱን ስንት ጊዜ እንደዚህ ብሎ አጽናንቷል። ያን ቀን ግን ርእሰ መምህሩ ቀና ብሎ አያቸው፤ ዲበኩሉ ፍላሹን ነቅሎ ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረጋት።

«ይቺ ፍላሽ በዚህ ወር ብቻ ስንት ማሽን እንዳስነሳች ታውቂያለሽ? የሞተው ማዘርቦርዱ፣ ዋናው አካሉ ነው። የሞተን ከታመመ መለየት ካልቻልሽ፣ እህቴ፣ ይሄ ትምህርት ያንቺ አይደለም። ጊዜሽን አታባክኚ።»

አንደኛው ደንበኛ ሳቅ አለ። ኡርጂ ፎጣውን ማጠፍ ጀመረች፤ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ከአንድ ክፉ ቃል አያልፍም ነበር። ኦቦ ጎንፋ ግን አማርኛው ስላልገባቸው ምን እንዳለ ጠየቁት። ዲበኩሉ በጥሩ ኦሮምኛ፣ በምክር ድምፅ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ማሽኑ እንደሞተ ነገራቸው። ቀጥሎም ይህ ሙያ ከባድ መሆኑን፣ ለሁሉም እንደማይሆን፣ እሱ በሃያ ዓመት ያየውን አይቶ እንደሚናገር፣ ልጅቱ ገና ሳይመሽ ሌላ የሚቀናት ትምህርት ብትይዝ እንደሚሻላት ነገራቸው። ሽማግሌው በጥሞና አዳመጡት። ሲጨርስ «ባርሲሳ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። ላፕቶፑንም የሞተ ነገር ይዘን ከምንመለስ ለመለዋወጫ ይሁንህ ብለው ትተውለት ሄዱ። ስልክ ቁጥራቸውን በፕላስተር ላይ ጽፎ ክዳኑ ላይ ለጠፈና ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ የጤና ባለሙያ አዲስ ላፕቶፕ አመጣ፤ ፍላሹን አላይም አለ። በማግስቱ ሌላ መጣ፤ እሱም እንደዚያው። ዲበኩሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። ሁለት አዲስ ማሽን በሁለት ቀን ማዘርቦርዱ አይሞትም። ጎሬ ላይ እንደ እሱ የጥገና ሥራ የሚሠራ ጥበቡ የሚባል ጓደኛ ነበረውና ደወለለት። ጥበቡ ነገሩን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም። ፍላሹን ስታዘጋጅ ፕሮግራሙ ለየትኛው ዓይነት ማሽን ነው ብሎ ይጠይቅሃል፤ አንተ የድሮውን እየመረጥክ ይሆናል፤ አዲሶቹን ከፈለግክ ሁለተኛውን ምረጥ፣ አለው። እሱም እንደዚያ ሲቸገር ከርሞ ነበር።

ዲበኩሉ ፍላሹን አጥፍቶ እንደገና አዘጋጀ። የጤና ባለሙያው ላፕቶፕ ወዲያው ተነሳ። ሁለተኛውም ተነሳ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የኡርጂን አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ፍላሹን ሰካ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሰማያዊው መስኮት ከፊቱ ድቅን አለ፤ ቋንቋ ምረጥ ይለዋል።

ቀኑ ጥቅምት ሃያ ሁለት ነበር። ቀኑን የሚያስታውሰው የልጁ ክርስትና በማግስቱ ስለነበረ ነው። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ያሰበው ስለ ማሽኑ አልነበረም። ልጅቱ ያንን ፎጣ ስታጥፍና ስትፈታ ይታየው ነበር።

ማታ ለመንበረ ግማሹን ነገራት፤ የያዮዋ ልጅ ላፕቶፕ ዳነ አላት። እሷም ታዲያ ደውልላቸው አለችው። ደወለ። የኦቦ ጎንፋ ስልክ አልሠራም፤ የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ጫካ ገብተዋል። በማግስቱ እንደገና ደወለ፤ አልሠራም። ሁለተኛው ጥሪ ሳይገባ ሲቀር ዲበኩሉ ቀለል አለው፤ ቀለል ስላለውም በራሱ አፈረ። መንበረ ከያዮ ሚኒባስ ሾፌሮች ለአንዱ ስጠው ብትለው፣ አደራ ነው፣ ዕቃ ይሰበራል፣ ራሴ አደርሳለሁ አላት። ምክንያቱ ግን ይህ አልነበረም። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ከሄደ ልጅቱ ልክ እንደነበረች ያለ ቃል ይናገራል። ያንን መናገር የሚገባው እሱ ነበር፤ ለመናገር ደግሞ አፉ አልታዘዝ አለው። ለሳምንት ገፋው፣ ኅዳር ገባ፣ ታኅሣሥ መጣ። ሥራው በዛ። ላፕቶፑ ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ኦቦ ጎንፋ ገበያ ወጥተው ሱቁ ጎራ አሉ። ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ማር አንጠልጥለው ነበር። ቁጭ ይበሉ ሲባሉ ተቀምጠው ያመጣቸውን ነገር ረጋ ብለው አወሩ። ያን ቀን ከዚህ እንደወጡ መንገድ ሙሉ ልጃቸውን ሲያስረዷት ሄዱ፤ ባርሲሳ ያለውን ስሚ፣ የሚያውቅ ሰው ነው አሏት። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ ሁለት ቀን አልቅሳለች። ኋላ ግን እሺ አለች። ዩኒቨርሲቲ እንደተመለሰች ትምህርቱን ወደ ሥራ አመራር አስቀየረች። ማሩ የምክሩ ምስጋና ነው።

ዲበኩሉ ማሩን ተቀበለ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ያውቀው ነበር። ከዚህ ይልቅ ጎንበስ ብሎ ላፕቶፑን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከሌላ ማሽን ማዘርቦርድ አግኝቼ ቀየርኩላት» አለ። «አሁን ይሠራል።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው መረቁት። ለልጆቹ መረቁለት፣ ለእጁ መረቁለት፣ ለዓይኑ መረቁለት። ዋጋውን ሲጠይቁት ምንም አይደለም አለ፤ እንደገና መረቁት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ኦቦ ጎንፋ ያዮ ውስጥ ኮምፒውተር ለተበላሸበት ሰው ሁሉ የዲበኩሉን ሱቅ ይጠቁሙ ጀመር፤ የሞተ የሚያነሳ፣ ሠርቶም ዋጋ የማይቀበል ሰው እያሉ። ሰው በእሳቸው ስም ሱቁ ሲገባ ዲበኩሉ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ ነበር የሚያስተናግደው።

ስድስት ዓመት አለፈ። በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጎሬ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች እንዲያድስለት ጠራው። ዕቃውን በሚኒባስ ጭኖ አቀበቱን ወጣ፤ አባቱ ሠላሳ ዓመት ከሠሩበት ግቢ ብዙም የማይርቅ ቢሮ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ታስረክብሃለች ተባለ። በሩን የከፈተችለት ኡርጂ ናት።

ወፈር ብላለች፤ መነጽር አድርጋለች። እሱ ወዲያው አወቃት፤ እሷም አወቀችው። ጋሼ ብላ ሰላም አለችው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው፣ አባቷ ደኅና እንደሆኑ ነገረችው። ከዚያ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አሳየችው፤ የቱ ምን እንዳለበት ከሠራተኞቹ ጠይቃ በወረቀት አስፍራለች። አጻጻፏ የንብረት ሠራተኛ አልነበረም። «ሲነሳ ፍላሽ አይቀበልም፤ የጥበቃ ቅንብሩ አልተዘጋም ይሆናል» ብላ የጻፈችበት ነበር። ዲበኩሉ ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

ሁለቱን ሠርቶ ሦስተኛው ላይ እጁ አልሄድ አለው። ኡርጂ ፊት ለፊት ተቀምጣ መዝገብ ትሞላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ላፕቶፕሽ ማዘርቦርዱ አልሞተም ነበር አላት። ፍላሹ እንደነበረ፣ እሷ ያለችው ልክ እንደነበረ፣ ለአባቷ ቀየርኩ ያለው ውሸት እንደሆነ ተናገረ። ስድስት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረ ነገር ሲወጣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «አባቴ እንዳመጣልኝ ከፍቼ ማሽኑ ውስጥ የተመዘገበውን የሴሪያል ቁጥር አየሁት። ከማሽኑ ሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ ነበር። ማዘርቦርድ ቢቀየር አንድ አይሆንም።»

ለአባትሽ ለምን አልነገርሽም ሊላት ፈለገ፤ በምን አፉ ይጠይቃት። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው። «መቼ ነው ያወቁት?»

ይህች ጥያቄ ትመጣለች ብሎ አላሰበም። ለአባትሽ ልመልስ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ማለት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም።

«ጥቅምት ሃያ ሁለት» አላት።

ኡርጂ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጎሬን ጉም ሸፍኗት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ትምህርት የቀየረ ተማሪ ቢጸጸት እስከ ኅዳር አምስት መመለስ ይችል እንደነበር ነገረችው። ማስታወቂያው የመኝታ ክፍላቸው በር አጠገብ ተለጥፎ ስለነበር በየቀኑ ታየው ነበር። አንድ ቀን ለመመለስ ቅጹን ሞልታ እስከ ጽሕፈት ቤቱ በር ሄዳለች። ከዚያ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው አይቶኝ የተናገረውን እኔ በምን አውቄ እበልጠዋለሁ ብላ ቀዳድዳ ጣለችው።

ዲበኩሉ ይቅርታ ጠየቃት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ በጣም ትንሽ ሆኖ ተሰማው። እሷም ይቅር ብያለሁ አላለችውም፣ አልልም አላለችውም። ኑሮዋ ክፉ እንዳልሆነ፣ ሥራዋን እንደምትወደው፣ አንድ ሴት ልጅ እንዳላት ነገረችው። ያዮ ሄዶ ለኦቦ ጎንፋም እውነቱን እነግራለሁ ሲላት ግን መነጽሯን አውልቃ ቀጥ ብላ አየችው።

«አይንገሩት። እሱ ያን ምክር ሰምቶ እኔን እንዳዳነኝ ነው የሚያውቀው። አሁን እውነቱን ቢሰማ ያበላሸብኝ እሱ ራሱ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው። እርስዎ ቀለል እንዲልዎት ብለው በሰባ ዓመቱ ይሄን አይጫኑበት።»

ዲበኩሉ እሺ አለ። ሽማግሌው በሕይወት እስካሉ ድረስ ምርቃታቸውን ዝም ብሎ ሊቀበል ቃል ገባ ማለት ነው፤ ሚኒባስ ላይ ሲሳፈር ነበር ይህ የገባው።

ቤት ደርሶ ለመንበረ የቀረውን ግማሽ ነገራት። ብዙ አልተቆጣችም። ሳህኑን ከፊቱ እያነሳች፣ ያን ጊዜ ሙሉውን ብትነግረኝ እኔ ራሴ በማግስቱ ያዮ ይዤው እሄድ ነበር አለችው። ትሄድ እንደነበር ያውቃል። ምናልባትም ግማሹን ብቻ የነገራት ለዚህ ነው።

ያን ቀን አራቱን ጨርሶ ስለነበር ለማግስቱ አምስት ኮምፒውተር ቀርቶት ነበር። ጠዋት ጥበቡን ጠርቶ አንተ ጨርስልኝ ሊለው ስልኩን አንስቶ፣ መልሶ አስቀመጠውና ሄደ። ኡርጂ በሩን ከፍታ ጠበቀችው። ያለፈውን ማንም አላነሳም። ሥራው ሲጀመር ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ያልገባትን ትጠይቀዋለች፣ እሱም ይመልስላታል፤ የማያውቀው ሲሆን አላውቅም ይላታል። የመጨረሻውን ኮምፒውተር እሷ ሠራችው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ተመለከታት። ፈጣን ናት፤ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ስትጨርስ የርክክቡን ወረቀት ፈርማ፣ ማኅተም ለማስመታት ወደ ሌላው ቢሮ ይዛው ወጣች።